የቀናሁበት ኮሚቴ

ሌላዋ ሴት በሴት ትቀናለች፤ እኔ የቀናሁት በጠረጴዛ ነው። ጠረጴዛውን አይቼው አላውቅም። አዲስ አበባ፣ ምክር ቤቱ ውስጥ ነበር ያለው። ረጅም ነው አሉ፤ አረንጓዴ ጨርቅ የለበሰ፣ ዙሪያውን ወንበር የተደረደረበት። ባሌ ከጥቅምት እስከ ሰኔ እዚያ ላይ ክርኑን አስደግፎ ይቀመጣል። እኔ ደግሞ ሰቆጣ ላይ ባዶውን መደብ እያየሁ ያንን ጠረጴዛ እረግማለሁ።

ነገሩ የመጣው ሕዝብ እንደራሴውን ራሱ ይምረጥ በተባለ ጊዜ ነው። ባሌ በአውራጃው ፍርድ ቤት ጥብቅና የቆመ ሰው ነበር። አማርኛውም አገውኛውም እኩል ይታዘዙለታል። ደሃና ወጥቶ ከገበሬው ጋር፣ ወደ አበርገሌ ወርዶ ከከብት አርቢው ጋር ተጫውቶ ሲያበቃ ሁሉም የኔ ሰው ነው ብሎ ይለየዋል። ተመረጠ። ያን ዕለት እልል ካሉት ሴቶች የኔ ድምፅ ይበልጥ ነበር። ምን እንደማጣ መች ገባኝ?

እኔም ብሆን ከተራ ቤት አልመጣሁም። አባቴ በዋግ የታወቀ ሽማግሌ ነበር። ሽማግሌ ስል ዕድሜውን አይደለም፤ ደም የሚያደርቅ፣ ድንበር የሚያስታርቅ ማለቴ ነው። ልጅ ሆኜ ሽማግሎች ግቢያችን ሲቀመጡ ጠላ የምቀዳ መስዬ ከጓዳው ደጃፍ አልነቃነቅም ነበር። ማን እንደዋሸ፣ ማን እንደሚረታ ከመፈረዱ በፊት አውቀው ነበር። አባቴ አንድ ቀን ሳቅ ብሎ «ይችን ልጅ እግዜር ተሳስቶ ቀሚስ አለበሳት» አለ። ሁሉም ሳቁ። እኔ ግን ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

እናም ባሌ ክረምት ክረምት ሲመለስ የምቀናበት ነገር ሁለት ሆነብኝ። ኮሚቴው እሱን ስለወሰደብኝ በኮሚቴው ቀናሁ። እሱ ደግሞ ኮሚቴ ስላለው በሱ ቀናሁ። የትኛው ይብስ እንደነበር ዛሬም ለመናገር ይቸግረኛል።

ከኮረም በበቅሎ ተጉዞ፣ ጭቃው እስከ ጉልበቱ ደርሶ ይገባል። እግሩን ለማጠብ ቁጭ እላለሁ። ገና አንደኛው እግር ሳይጠራ ወሬው ኮሚቴ ነው።

«ሁሉም ነገር ትልቁ አዳራሽ ውስጥ የሚያልቅ ይመስልሻል?» አለኝ በመጀመሪያው ሐምሌ። «አዳራሹ ለንግግር ነው። ሥራው ያለው ኮሚቴው ዘንድ ነው። ረቂቅ ሕግ ሲመጣ ይነበባል፤ ከዚያ ለሚመለከተው ቋሚ ኮሚቴ ይመራል። ኮሚቴው አንቀጽ በአንቀጽ ያየዋል፤ የሚያውቅ ባለሥልጣን ጠርቶ ይጠይቃል፤ አስተያየቱን ጽፎ ለአዳራሹ ይመልሳል።»

«ቋሚ ስትል?»

«የማይፈርስ ነዋ። የገንዘብ አለ፣ የሕግ አለ፣ የእርሻ አለ፣ የመንገድ አለ። ረቂቁ ይመጣል፣ ይሄዳል። ኮሚቴው ግን ይኖራል።»

«እኔስ?»

«አንቺስ ምን?»

«እኔ ቋሚ ነኝ ወይስ የክረምት?»

ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ከምድጃው ውሃ ቀድቼ ጨመርኩበት፤ ጮኾ እግሩን አወጣ። በሚቀጥለው ቀን ግን ያው ነው፣ ከኮሚቴው ወሬ የሚያወጣው የለም።

መስማት እንዳልፈልግ እዘጋጅና ሳላስበው ጠያቂ እሆናለሁ። ልዩ ኮሚቴ የሚሉት አለ፤ ለአንድ ጉዳይ ብቻ ይቋቋማል፣ ያንን መርምሮ ሪፖርቱን ባቀረበ ዕለት ይፈርሳል።

«አውጫጭኝ በለኛ!» አልኩት። «ሌባው እስኪታወቅ አገሩን ሰብስበው የሚያስቀምጡት፤ ሲታወቅ ሁሉም ወደየቤቱ።»

ቀና ብሎ አየኝ። ሁለቱ ምክር ቤቶች፣ የሕግ መምሪያውና የሕግ መወሰኛው፣ በአንድ ረቂቅ ሳይስማሙ ሲቀሩ ከሁለቱም ወገን ሰው ተመርጦ የጋራ ኮሚቴ ይቀመጣል አለኝ። ይኼማ የሙሽራውና የሙሽራይቱ ወገን ጥሎሽ ሲቆርጡ ነው አልኩት። አንዳንዴ ደግሞ ምክር ቤቱ በሙሉ ራሱ ኮሚቴ ይሆናል፤ አፈ ጉባኤው ከወንበሩ ይወርዳል፣ ሌላ ሰብሳቢ ይተካል፣ ሁሉም ሳይጨነቅ እንደልቡ ይናገራል አለኝ። ዳኛው ከወንበሩ ወርዶ ሣሩ ላይ ከሰው ጋር ሲቀመጥ ማለት ነዋ አልኩት።

«አንቺ እኮ ወንድ ብትሆኚ...» ብሎ አቆመ።

ያንን ቃል ባይናገር ይሻለው ነበር። ወንድ ብሆን ምን? ወንድ ብሆን እዚያ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው እሱ ነበር እንዴ? የዚያን ዕለት ራት ጨው አልነበረውም፤ አውቄ ነው።

በአገሩ ሰው ፊት ግን ኩራተኛ ነበርኩ። የማኅበር ሴቶች «እትዬ፣ ባለቤትሽ እዚያ ሆኖ ምን ይሠራል?» ሲሉኝ ጋቢዬን አስተካክዬ ቋሚውን፣ ልዩውን፣ የጋራውን፣ ንዑሱን እተነትንላቸዋለሁ። ከባሌ ይልቅ እኔ አስረዳ ነበር ቢባል ውሸት አይደለም። ሴቶቹ አፋቸውን ከፍተው ይሰማሉ። ታዲያ አንዷ፣ ምላሷ ከበርበሬ የሚብስ፣

«ኧረ እትዬ፣ እኮሚቴው ውስጥ ሴት አለች?» አለች።

ዋንጫዬን አስቀመጥኩ። እስከዚያ ቀን ድረስ ጠረጴዛውን እንጂ ከጠረጴዛው ዙሪያ ማን እንዳለ አስቤ አላውቅም ነበር።

ጥቅምት፣ ኅዳር፣ ታኅሣሥ ያንን ጥያቄ ስፈጭ ከረምኩ። ሰኔ አልቆ ሲመጣ እግሩን ሳላጥብ ጠየቅሁት።

«አባል የለችም» አለ ሳይደነግጥ። «ቃለ ጉባኤያችንን ታይፕ የምትመታ አንዲት ልጅ አለች እንጂ። አይ ጣቷ! ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ሰምተሻል? እንደዚያ ነው።»

ይህ ሰው ስንት ዓመት አብሬው ኖሬ የኔን አንድ ነገር ከሌላ ነገር ጋር አመሳስሎ አያውቅም። ጠጄን ጠጣው እንጂ ምን ይመስላል አላለም። ጠጉሬን አየው እንጂ ምን ይመስላል አላለም። የሷ ጣት ግን ዝናብ ሆነ! ቤታችን ደግሞ በተመረጠ ዓመት ቆርቆሮ ለብሷል። ያን ክረምት ዝናቡ በወረደ ቁጥር ያቺ ልጅ ቤቴ ገብታ ከራሴ በላይ ታይፕ ትመታብኝ ነበር።

«መልኳስ?» አልኩት አንድ ቀን።

«የማን መልክ?»

«የዝናቧ።»

«አይ አንቺ! ልጄ ለመሆን የምትደርስ ናት።»

ይህ ያጽናናኛል ብሎ ነው። የሚያጽናና ነገር ነው ይሄ?

በግ ከበረረች፣ ሴት ካመረረች ይባላል። አመረርኩ። እኔ እስከ መቼ ነው ላም አለኝ በሰማይ የምለው? በመስከረም መጨረሻ፣ በቅሎው ለጉዞ ሲቀለብ፣ ሽማግሌ ጠራሁበት። በአገሩ ደንብ ሦስቱን እኔ መረጥኩ፣ ሦስቱን እሱ መረጠ። በላያቸው አባቴን የሚያውቁ አንድ አዛውንት ሰብሳቢ ሆኑ። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ካለው ወይራ ሥር ተቀመጡ። እኔና እሱ ግራና ቀኝ በየድንጋያችን ላይ ሆንን።

«ነገሬ አጭር ነው፣ አባቶቼ» አልኩ። «ወይ አዲስ አበባ ይውሰደኝ፣ ወይ እዚህ ይቅርልኝ። ባል አለሽ እየተባልኩ ባሌን የሚያውቀው ሌላ ሰው ነው።»

ተነሣ። ጋቢውን ከትከሻው ዝቅ አደረገ። አነጋገሩ እንኳ ሌላ ሆነ፤ ክረምቱን ሙሉ ከኔ ጋር የሚያወራው ሰውዬ አልነበረም። እዚያ ጠረጴዛ ላይ እንዴት እንደሚናገር ያን ጊዜ አየሁ። አምሮበታል። ይበልጥ ቀናሁ።

«አባቶቼ፣ ጉዳዩ ከባድ ነው» አለ። «እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ጉዳይ ሲገጥም በጉባኤ መካከል አይቆረጥም። ከመካከል ሦስት ሰው ይለይና ይመራለታል፤ ገለል ብሎ መርምሮ ሪፖርቱን በሚቀጥለው ጉባኤ ያሰማል። ፈቃዳችሁ ቢሆን እንዲሁ ይደረግ።»

ሽማግሎቹ ተያዩ፤ ደስ አላቸው። ይህማ የራሳቸው ሥርዓት ነበር! በኛ አገር ሽማግሌ ግራ ቀኙን ከሰማ በኋላ ለምክር ይወጣል። ከዛፉ ጀርባ ገለል ይላል፣ ይመክራል፣ ይመለሳል፣ ይፈርዳል። ባለጉዳዮቹ ከድንጋያቸው ሳይነሡ፣ ማንም እህል ሳይቀምስ ነገሩ ያልቃል። ለምክር የወጣ ሽማግሌ ፍርድ ሳይዝ ቤቱ ሲገባ ታይቶ አይታወቅም።

«መልካም፣ እንዳልከው ይሁን» አሉ ሰብሳቢው። መረቁበትም። በኛ ዘንድ ሽማግሌ የመረቀበት ቃል አይታጠፍም።

ሦስቱ ከወይራው ጀርባ ሄዱ። እኔ ድንጋዬ ላይ ሆኜ ጆሮዬን ወደዚያ አቀናሁ። ባሌ ጋቢውን አጣፋ፣ ሽማግሎቹን እጅ ነሣና ወደ ቤት አቀና። ሽንቱን ሊሸና መስሎን ዝም አልነው። ሦስቱ መክረው ሲመለሱ የሱ ድንጋይ ባዶ ነው። ልጅ ተላከበት። መልሱን ይዞ ራሱ እስከ አጥሩ መጣ።

«አባቶቼ፣ የዛሬው ጉባኤ ተበትኗል እኮ» አለ በትሕትና። «ሪፖርቱ በሚቀጥለው ጉባኤ ይሰማ ብላችሁ መርቃችኋል። የኔ የሚቀጥለው ጉባኤ ከምክር ቤት ስመለስ ነው። እግዜር ያድርሰን።»

ሰብሳቢው በትራቸውን ይዘው ተነሡ። ምን ይበሉ? የገዛ ምርቃታቸው ነው። ነገርን ለኮሚቴ መምራት ማለት በዚያ በሱ አገር ማስተኛትም ማለት እንደሆነ ማን ነግሯቸው! ለኔም አልነገረኝም፤ ስለ ኮሚቴ ያንን ሁሉ ሲያስተምረኝ ይቺን አንዷን ለራሱ አስቀርቷታል።

በማግሥቱ በቅሎው ተጫነ።

የዚያን ዓመት ያቃጠለኝ የሱ መሄድ ብቻ አይደለም። ሦስቱ ሽማግሌዎች ፍርዱን ያውቁታል! ተማክረው ቆርጠዋል፤ ነገር ግን ግራ ቀኙ ባልተሟላበት ፍርድ አይነገርም። ከሦስቱ አንዱን ገበያ ላይ ሳገኛቸው እጃቸውን ስሜ እለምናለሁ።

«አባቴ፣ እባክዎ፣ በምን ቆረጣችሁት?»

«ልጄ፣ ያባትሽን ደንብ እኔን ታሰብሪኛለሽ?»

«ራስዎን ብቻ ይነቅንቁልኝ። ይወስደኛል?»

ራሳቸውን እንኳ አይነቀንቁም። ማራቸውን ይሸጣሉ። የኔን ዕጣ አፋቸው ውስጥ ይዘው ማር የሚሸጡ ሰውዬ! ሦስት ሽማግሌ የሚያውቀውን፣ ሚስቶቻቸውም ሳይሰሙት ያልቀሩትን የራሴን ነገር እኔ አላውቅም። በነሱም ቀናሁ። ያን ጊዜ ያልቀናሁበት ፍጥረት በቅሎው ብቻ ነው፤ ያውም አዲስ አበባ ድረስ ስለማይሄድ።

በተከታዩ ክረምት፣ ገና ጭቃውን ሳያራግፍ ሽማግሌዎቹ ወይራው ሥር ተቀምጠው ጠበቁት። ከሦስቱ መካሪዎች አንዱ በጾሙ መካከል ዐርፈው ነበር። ባሌ ተነሣ፤ ጋቢውን ዝቅ አደረገ።

«አባቶቼ፣ ነፍስ ይማር። የሚያሳዝነው ግን ምልዓተ ጉባኤው አልተሟላም። እንግዲህ ሌላ ሰው ተተክቶ እንደገና...»

«ተቀመጥ!» አሉ አዛውንቱ።

ተቀመጠ። እኔም ቆሜ ቢሆን ኖሮ እቀመጥ ነበር።

«አንተ ልጅ፣ ዓምና ደንባችን መስሎን ደንብህን ተቀበልን። መረቅንበት፤ እኛው አጠፋን፤ ዓመት ሙሉ ታገሥን። ዘንድሮ ግን በኛው ነው። ሞት ያጎደለውን እግዜር ይሞላዋል። ስማ፤ የጀመርከውን ዘመን ጨርስ፤ የሕዝብ አደራ ነው፣ አይቋረጥም። ከዚያ ወዲያ ግን እንዳትወዳደር። ቤትህ እደር።»

እኔን ይውሰደኝ የሚለው የለበትም። ወይ ይውሰደኝ ወይ ይቅር ነበር ያልኩት፤ ይቅር የሚለውን መረጡልኝ። መርታቴ ነው። ሴቶቹ እልል አሉልኝ። እኔ ግን በዚያ በደስታዬ መካከል ያንን ጠረጴዛ ሳላየው መቅረቴ አንጀቴን ቆረጠኝ። ባሌ ጎንበስ ብሎ የሽማግሎቹን ጉልበት ሳመ። ቀና ሲል ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። ለኔ አልቅሶ አያውቅም፤ ሳገባው እንኳ የሳቀ ሰው ነው።

ዘመኑን ጨርሶ ገባ። አልተወዳደረም። ሰውዬው ቃሉን ይጠብቃል፤ ይኼን አልነፍገውም። እርሻውን አየ፣ ንቦቹን አየ፣ ነገር ሲኖር ከደሃናም ከአበርገሌም ሰው ይመጣና ይወስደዋል። እኔም ሌሊት ስነቃ ትንፋሹን እየሰማሁ መልሼ እተኛለሁ። ግን ጥቅምት ሲመጣ፣ ምክር ቤቱ በሚከፈትበት ሰሞን፣ ጢሙን ይላጫል፤ ያንን ጥቁር ኮቱን ይለብሳል፤ ደጃፉ ላይ ወንበር አውጥቶ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ምሳ ቀርቧል ስለው «እሺ» ይላል፣ አይነሣም። እኔም እቤት ውስጥ ሆኜ ዕቃ አንኳኳለሁ። ከጎኔ ተቀምጦ እንኳ ያ ጠረጴዛ ይወስደው ነበር።

ታይፕ የምትመታዋን ልጅ ስሟን አንሥቼበት አላውቅም። ስሟን አልነገረኝማ።

አንድ ክረምት ድንበር ሊያስታርቅ ወደ ኒሯቅ ቆላ ወረደና ወባ ይዞ ወጣ። የክሊኒኩ ድሬሰር መርፌም ኪኒንም ሰጠ። ይተወዋል፣ ይመለስበታል። ከዕለታት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አጠገቡ ተቀምጬ ግንባሩን በርጥብ ጨርቅ ሳብስ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበው ጀመር። ዓይኑን ገለጠ።

«ልጅቷ ጀምራለች?» አለ።

ማን እንደሆነች አላጣሁም። ጨርቁን ልወረውር ዳድቶኝ ነበር። ግን ዓይኑ እኔን አያይም፤ ከኔ ኋላ ያለውን ግድግዳ ነው የሚያየው። እጁን ከጋቢው ውስጥ አውጥቶ ልክ ቃል እንደሚጠይቅ ሰው ወደ ላይ አነሣ።

«ክቡር ሰብሳቢ፣ ቃል እንዲሰጠኝ።»

ዞር አልኩ። ቤቱ ውስጥ ከኔ በቀር ሰው የለም። እጁ ግን እንደተነሣ ነው። ፈቃድ ሳይሰጠው የማይናገር ሰው ነው።

«ቃል ተሰጥቶዎታል» አልኩ።

እጁን አወረደ። ጉሮሮውን ጠረገ።

«አመሰግናለሁ፣ ክቡር ሰብሳቢ። የማቀርበው የፈቃድ ጥያቄ ነው። ሰቆጣ ልሂድ፤ ደክሞኛል። ሚስቴ ደግሞ...» ትንፋሹን ሰበሰበ። «ሚስቴ ቀናተኛ ናት። ከዚህ ጠረጴዛ ተነሥተህ ና ትለኛለች። እውነቷን ነው። ከኔ ይልቅ እዚህ መቀመጥ የሚገባት እሷ ነበረች፤ በተከበረው ኮሚቴ ፊት ደጋግሜ ብያለሁ፤ በቃለ ጉባኤ ይያዝልኝ።»

አስቀድሞ ንዴት ነው የመጣብኝ። በነዚያ ሁሉ ወንዶች ፊት፣ በዚያች ልጅ ፊት፣ ሚስቴ ቀናተኛ ናት ይላል? ታይፕ ተመትቷል ማለት ነው? ከዚያ የኋለኛው ቃል ገባኝ፤ ጨርቁ ከእጄ ወደቀ። እኔ አላየሁትም ብዬ የማለቅስበት ጠረጴዛ ላይ ለካ ስንቀመጥ ከርመናል።

«ፈቃዱ ይሰጠኝ፣ ክቡር ሰብሳቢ» አለ እንደገና። «ወደ ቤት ልሂድ።»

እቤቱ ተኝቶ ወደ ቤት ልሂድ የሚል በሽተኛ ምን እየጠየቀ እንደሆነ በኛ አገር ሁሉም ያውቃል። አልቃሽ የሚጠራው ያን ጊዜ ነው። እኔ ግን ማንንም አልጠራሁም። ወገቤን አቀናሁ። ነጠላዬን አስተካከልኩ።

«ክቡር እንደራሴ፣ ጉዳዩ ከባድ ነው» አልኩት። «ዛሬ አይቆረጥም። ለኮሚቴ ይመራ።»

ግንባሩ ቋጠር አለ። ትኩሳቱ እያንቀጠቀጠው እንኳ ሥርዓቱን አልዘነጋም።

«ለየትኛው ኮሚቴ?»

«ለቋሚው።»

«ሪፖርቱ መቼ ይሰማል?»

«በሚቀጥለው ጉባኤ።»

ራሱን ነቀነቀ፤ ደንቡን ለሚያውቅ ሰው ነገሩ ትክክል ነበር። አንገቱን ወደ ትራሱ መለሰና እንቅልፍ ወሰደው። ዝናቡ ሲያባራ እንኳ አልነቃም። እኔ እጁን ይዤ ቁጭ ብያለሁ።

ወባው ተወው። መስከረምን ከንቦቹ ጋር አሳለፈ፤ ያንን ቀን አንድም ጊዜ አላነሣውም፤ እኔም አላነሣሁበትም። በጥቅምት፣ ጢሙን ተላጭቶ፣ ጥቁር ኮቱን ለብሶ ደጃፉ ላይ እንደተቀመጠ ምሳ ቀርቧል ብዬ ስወጣ ሄዷል፤ እጁ በርዷል። የማንንም ፈቃድ አልጠየቀም። እኔም ሪፖርቱን እስከ ዛሬ አላቀረብኩም።